ቃለ ጉባኤ ያዥ ኢንጂነር ሆኜ ልቅር?

ጥያቄው፦ «መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። በክፍላችን 9 ኢንጂነሮች አለን፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የሌሎችን ሪፖርት አርማለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረው ልጅ ሳይት ይወጣል፣ ዲዛይን ይሠራል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ‹ማስተባበር ትችያለሽ› እያለ ወደ ፕሮጀክት ማስተባበሪያ ሊያዛውረኝ ይፈልጋል። ጓደኞቼ ደግሞ በራስ መተማመን ስለሌለሽ ነው ይሉኛል። በዚህ መሃል ለመመረቅ የደረሱ ሴት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሥራ ጅማሬሽን አካፍይን ብለው ጋበዙኝ። የማካፍለው ምን አለኝ? ዝውውሩንስ ልቀበል?»

ዝውውሩን አሁን አትቀበዪ። ግብዣውን ግን ተቀበዪ።

ከጓደኞችሽ ምክር ልነሳ። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ስህተት ነው። ለኢንጂነር በራስ መተማመን ከሥራ በፊት አይመጣም። ፓምፕ መርጠሽ፣ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ወረቀት ላይ ያሰላሽውን ያህል ውሃ ሲገፋ በዓይንሽ ስታዪ ነው የሚመጣው። አልገፋ ሲልም ለምን እንዳልገፋ ፈልገሽ ስታገኚ ነው። በ16 ወር ውስጥ ይህ ዕድል አንድ ጊዜ እንኳ አልደረሰሽም። ሌሎች ያልሰጡሽን ነገር ከውስጥሽ እንደጎደለ አትቁጠሪው። ብዙ ጀማሪ ሴቶች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው መጥተውልኛል። ቁጭ ብለን የሠሩትን አንድ በአንድ ስናይ የጎደላቸው ድፍረት ሆኖ አላገኘሁትም። የጎደላቸው በስማቸው የተሠራ ሥራ ነው።

ታዲያ ሥራው እንዴት ሳይደርስሽ ቀረ? አለቃዬ ክፉ አይደለም ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ለዚህ ነገር ክፋት አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ማን ይጻፍ?» ይላል። ሁሉም ዝም። ዝምታው ሲከብድሽ እስክሪብቶ ታነሻለሽ። ቃለ ጉባኤው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ በማግስቱ ለሁሉም ይደርሳል። በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም «ማን ይጻፍ?» አይልም፤ ሁሉም ወደ አንቺ ያያል። ከወር በኋላ አስቸኳይ ሪፖርት ሲመጣ «እሷ ትሥራው፣ ጽሑፍ ትችላለች» ይባላል። በዚያው ሳምንት ሳይት ላይ አንድ ነገር ይበላሻል። አለቃው እጁ ላይ ሥራ የሌለውን ሰው ይልካል። አንቺ ሪፖርት ላይ ነሽ፤ ልጁ ይሄዳል። ሲመለስ ስለዚያ መሣሪያ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩም ብልሽት የእሱ ይሆናል። ዓመት ሲሞላ እሱ የማሽን ሰው፣ አንቺ የወረቀት ሰው ሆናችኋል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም።

በጥናትም የታየ ነገር ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2017 የወጣ አንድ የምጣኔ ሀብት ጥናት፣ ማንም የማይፈልገውና ለዕድገትም የማይጠቅም ሥራ ማን ላይ እንደሚያርፍ በሙከራ ፈትሿል። ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን አብዝተው በፈቃዳቸው የሚነሱት ሴቶቹ ናቸው። እንዲሠሩ ሲጠየቁም ሴቶቹ 76 በመቶውን ጊዜ እሺ ሲሉ፣ ወንዶቹ እሺ ያሉት 51 በመቶውን ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ቡድኑ ወንዶች ብቻ ሲሆን ወንዶቹ ያለ ችግር ይነሳሉ፤ ሴቶች ብቻ ካሉበት ቡድን አያንሱም። እንግዲህ ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ ጸሐፊነት ትወዳለች የሚባለው አይሠራም። እሷ እያለች እሷ ትነሳለች ብሎ ሁሉም ይጠብቃል፤ እሷም ከራሷ ትጠብቃለች።

በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በ4 ኮሌጆች የሚማሩ ከ40 በላይ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በወር 2 ጊዜ የጻፉትን የግል ማስታወሻ ያነበበ ነው። ሴቶቹ በሙያው ላይ ያላቸው ልብ የቀዘቀዘው ሂሳብና ፊዚክስ ከብዷቸው አይደለም። የቡድን ሥራና የተግባር ልምምድ ላይ ነው። ወንዶቹ ዋናውን ችግር ሲይዙ ለእነሱ ማደራጀቱና ወረቀቱ ተረፋቸው። አየሽ፣ ያንቺ ታሪክ ያንቺ ብቻ አይደለም። ልምምድ ላይ ይጀምራል፣ ሥራ ላይ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአንቺም ላርም። በጥያቄሽ ውስጥ ማስተባበርን እንደ ቅጣት ያየሽው ይመስለኛል። ቅጣት አይደለም፤ ከባድ ሥራ ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። አስተባባሪ ዋጋ የሚኖረው አንዱ መጥቶ «ይህ 3 ሳምንት ይፈጃል» ሲለው፣ ይፍጅ አይፍጅ ራሱ ሲያውቅ ነው። የሚያውቀው ደግሞ ሠርቶት ነው። በ16 ወር ከሄድሽ የሰው ቃል አመላላሽ ትሆኛለሽ። ቀጣዩ ቀጣሪ «ምን ዲዛይን አደረግሽ?» ሲልሽ መልስ አይኖርሽም፤ ወደ ዲዛይን የሚመልሰው መንገድም በየዓመቱ እየጠበበ ይሄዳል። ከ4 ወይም ከ5 ዓመት የቴክኒክ ሥራ በኋላ ብትሄጂ ግን ጥሩ አስተባባሪ ይወጣሻል፤ ካልወደድሽውም ትመለሻለሽ።

ኢዲዝ ክላርክን ማወቅ ይጠቅምሻል። በ1919 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኢንጂነር ብሎ የሚቀጥራት ግን አጣች። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ድርጅት የወሰዳት በእጅ ስሌት የሚሠሩ ሴቶችን እንድትመራ ነው። ሴቶቹ የተርባይን አካላት ላይ የሚያርፈውን ጫና ያሰላሉ፣ እሷ ታሠለጥናለች፣ ታከፋፍላለች፣ ትቆጣጠራለች። በዛሬ ቋንቋ አስተባባሪ ነበረች። በዚያው መሃል የረጅም የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችን አድካሚ ስሌት የሚያቀል በግራፍ የሚሠራ ማስሊያ ፈጠረች። በ1921 የፈጠራ መብት አመለከተች፤ በ1925 ተሰጣት። ነገር ግን ያኔም ኢንጂነር ሊሏት ስላልፈለጉ በዚያው በ1921 ሥራውን ትታ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) በሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ፊዚክስ ልታስተምር ሄደች። በ1922 ስትመለስ ያው ድርጅት በኢንጂነርነት ቀጠራት። በ1947 ደግሞ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ መምህርት ሆነች። ይህን የምነግርሽ «ታገሺ፣ ቀንሽ ይመጣል» ለማለት አይደለም። እሷ ዝም ብላ አልታገሠችም። በስሟ የሚጠራ ሥራ ነበራት፣ ለመሄድም ዝግጁ ነበረች።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከነገ ጀምሮ ለ4 ሳምንት ሰዓትሽን መዝግቢ። ቀላል ነው፤ በየቀኑ ማታ ስንት ሰዓት በስሌት፣ በድሮዊንግ፣ በሳይት፣ በመሣሪያ ፍተሻ እንዳለፈ በአንድ በኩል፤ ስንት ሰዓት በቃለ ጉባኤ፣ በደብዳቤ፣ በፋይል እንዳለፈ በሌላ በኩል ጻፊ። «የወረቀት ሥራ በዛብኝ» ስትዪ አለቃሽ «አይ፣ ሁላችንም ጋ አለ» ይልሻል። «ካለፉት 160 ሰዓቶች ቴክኒካል የሆኑት 14 ናቸው» ስትዪው ግን የሚለው አይኖረውም። ክስ አታድርጊው። ቁጥሩን አስቀምጪና ጥያቄሽን አስከትዪ።

ጥያቄው አንድ መሆን አለበት። «ተጨማሪ ቴክኒካል ሥራ ይሰጠኝ» አትበዪ፤ ይህ አለቃ እሺ ብሎ የሚረሳው ነገር ነው። አንድ ትንሽ ሥራ በስሙ ጥሪው። በ2 ወር አካባቢ የሚያልቅ ይሁን። ከስሌቱ እስከ ተከላው ያንቺ ይሁን። የሚያርመው ሰው ይኑረው። አንድ ፓምፕ መምረጥ፣ አንድ የቧንቧ መስመር ማስላት፣ አንድ መሣሪያ ፈትሾ ማስነሳት በቂ ነው። ድሮዊንግ ጥግ ላይ ያለውን ሳጥን ታውቂዋለሽ፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚለውን። «ያዘጋጀው» በሚለው ላይ ስምሽ ይግባ። ምኑም ቢቀር ይህ አይቅር።

እንዲህ በዪው፦ «የሚቀጥለውን የፓምፕ ምርጫ እኔ ልሥራው። ስሌቱን በ2 ሳምንት አመጣለሁ፣ ከነባሮቹ አንዱ ይረመው። ሲገጠም ሳይት እገኛለሁ። ጊዜ እንዲኖረኝ ቃለ ጉባኤውን በተራ እናድርገው፤ የተራውን ዝርዝር አዘጋጅቼዋለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። የወረቀቱ ሥራ ሳይነሳልሽ ዲዛይኑ ከተጨመረልሽ የምትሠሪው ሌሊት ነው። የሌሊት ሥራ ደግሞ ይሳሳታል፤ ስህተቱም «አልቻለችም» ተብሎ ይመዘገባል።

እኔ ከየት እንደተነሳሁ ልንገርሽ። የመጀመሪያ ዓመቴን ያሳለፍኩት የሌሎችን ሪፖርት ሳርም ነው። አንድ ቀን የጥገና ሪፖርት መጣልኝ። አንድ ፓምፕ በ1 ዓመት ውስጥ ኢምፔለሩ (ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) 2 ጊዜ ተበልቶ ተቀይሯል ይላል። ፊደሉን ላርም ነበር የተሰጠኝ፤ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ቀረ። ለሪፖርቱ ፎቶ ያስፈልጋል ብዬ ሳይት ወጣሁ። ፓምፑ ጋ ስደርስ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ነበር። አንድ አዛውንት መካኒክ ረጅም ካቻቪቴ ሰጡኝ። «ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮሽ ሥር» አሉኝ። አደረግኩት። ጠጠሩ ጆሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ጠጠር ግን የለም፤ ውሃው ነው። ውሃው ወደ ፓምፑ በሚገባበት በመምጠጫው በኩል ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይተናል፣ ትንንሽ አረፋ ይሠራል። አረፋው ኢምፔለሩ ውስጥ ገብቶ ግፊት ሲያገኘው በቅጽበት ይኮማተርና ይጠፋል፤ በጠፋ ቁጥር ብረቱን ይመታዋል። ካቪቴሽን የሚባለው ነው። ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። በጆሮዬ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

የመምጠጫውን ቧንቧ ለካሁ፤ ውስጡ 100 ሚሊሜትር ነው። ፓምፑ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ይገፋል። ማታ ሳሰላው ፍጥነቱ በሰከንድ 2.1 ሜትር ሆነ። ለመምጠጫ ይበዛል፤ ቧንቧው ደግሞ 4 ቦታ ይታጠፋል። 150 ሚሊሜትር ብናደርገውስ? ፍጥነቱ ወደ 0.94 ወረደ። በቀጥተኛው ቧንቧ በሰበቃ የሚባክነው ግፊት ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ስፋት በትንሹ ሲጨምር ሰበቃው በብዙ ነው የሚወርደው። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ አስገባሁ። ለ9 ቀን ማንም አላነበበውም። በ10ኛው ቀን አንድ ነባር ኢንጂነር በቀይ እስክሪብቶ አርሞ መለሰልኝ። የውሃውን ሙቀት 20 ዲግሪ ብዬ ይዤ ነበር፤ ገንዳው ፀሐይ ላይ ስለሆነ ከዚያ ይሞቃል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይተናል። ስህተቴ ነበር። አስተካክዬ ስሠራው መፍትሔው እንዲያውም ጠነከረ። ቧንቧው ተቀየረ፣ ጠጠሩ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የፓምፕ ነገር ሲመጣ እኔን መጥራት ተጀመረ። ሪፖርት ማረሙ በአንድ ቀን አልቀረም፤ ግን ቀነሰ። በዚያ ወር ድፍረቴ አልተለወጠም። ፎቶ ሰበብ አድርጌ ነው እኮ የወጣሁት። የተለወጠው ስሜ ያለበት አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት መኖሩ ነው።

ስለዚህ የምታርሚያቸውን ሪፖርቶች በሌላ ዓይን እያቸው። የ8 ሰው ሥራ በእጅሽ ያልፋል። የትኛው መሣሪያ ደጋግሞ እንደሚበላሽ፣ የትኛው ስሌት ሳይጣራ ከሰው ወደ ሰው እንደሚገለበጥ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የምትጠይቂውን ሥራ ከዚያ ውስጥ ምረጪ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያልሠራሽውንና ያላረጋገጥሽውን ነገር አትፈርሚ፤ «ስምሽ ይግባ» ማለቴ ይህን አይጨምርም። የግል የሥራ ማስታወሻ ያዢ፣ የድርጅቱን ድሮዊንግና ፋይል ግን ወደ ቤት አትውሰጂ፤ የተማርሽውን እንጂ ሰነዱን አትመዝግቢ። ሳይት ስትወጪ በልክሽ የሆነ ጫማ፣ ጓንትና የመውደቂያ መከላከያ ቀበቶ ጠይቂ። የሰፋ ጓንት የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ አደጋ ነው፤ ልክሽ እስኪመጣ «ይሁን፣ ግድ የለም» አትበዪ። ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ችግሩ የሥራ ክፍፍል ሲሆን ነው። ስድብ፣ ትንኮሳ፣ ወይም የማይፈለግ ንክኪ ካለ የሰዓት ሠንጠረዥ አይፈታውም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል ጽፈሽ ያዢ፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ በሥርዓቱ አመልክቺ። ሥራሽን በማሻሻል ልታስቆሚው አትሞክሪ፤ ያንቺ ሥራ ጉድለት አይደለምና።

አሁን ወደ ግብዣው። «የማካፍለው ምን አለኝ?» ላልሽው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሠራች ሴት የማታስታውሰው ነገር አለሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ትዝ ይልሻል። እስክሪብቶውን ስታነሺ ምን እንዳሰብሽ ታውቂያለሽ። እኛ ነባሮቹ ስንጋበዝ አብዛኛውን ጊዜ «ጠንክሩ፣ በራሳችሁ እመኑ» ብለን እንመለሳለን። ይጨበጨብልናል። ተማሪዎቹ ግን ሰኞ ሥራ ሲገቡ የሚያደርጉትን ነገር አልሰጠናቸውም። በብዙ እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ስለ ስሜት ብዙ ሲነገር፣ ተናጋሪዋ ምን እንደሠራች ሳይነገር ያልቃል። ይህ ያሳዝነኛል። ወንድ ኢንጂነር ሲጋበዝ ስለ ድልድዩ ይጠየቃል። ሴት ስትጋበዝ እንዴት እንደቻለችው ትጠየቃለች።

የናሳዋን የሂሳብ ሊቅ የካትሪን ጆንሰንን ታሪክ ተመልከቺ። በዚያ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሴቶች የማይገቡበት ስብሰባ ልግባ ብላ «ሕግ ይከለክላል ወይ?» ማለቷ በየመድረኩ ይነገራል። ጥሩ ነው። ያን ያህል የማይነገረው በ1960 የወጣው ሪፖርት ነው። አንድን ሳተላይት በተመረጠ የምድር ቦታ በላይ እንዲያልፍ ለማድረግ ሮኬቱ በየት አቅጣጫ መሄድ እንዳለበት የሚያሰላ ነው። ከሥራ ባልደረባዋ ከኢንጂነር ቴድ ስኮፒንስኪ ጋር ነው የሠራችው። እሱ ሌላ ቦታ ሊሄድ ሲል፣ አብዛኛውን ሥራ የሠራችው እሷ ስለሆነች እሷ ትጨርሰው አለ። ጨረሰችው፣ ስሟም ገባ። በዚያ የበረራ ምርምር ክፍል ሴት በሪፖርት ጸሐፊነት ስሟ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። የስብሰባው ጥያቄ በር ከፈተላት፤ ሪፖርቱ ቦታ ሰጣት። ስኮፒንስኪንም አትርሺው። አብሮሽ የተቀጠረው ልጅ እንዲህ ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። «በሚቀጥለው ስትወጣ ልምጣ» ብለሽ ጠይቂው። ሥራው ሁሉ ለምን ወደ እሱ እንደሚሄድ ልብ ብሎት ላያውቅ ይችላል።

ለተማሪዎቹ ያለሽን ሁሉ እንዳለ ንገሪያቸው። የሰዓት ሠንጠረዡን አሳዪያቸው። «የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ተራ ይሁን በሉ፤ እኔ አላልኩም» በያቸው። አለቃሽንና መሥሪያ ቤትሽን አትጥሪ፤ ቅሬታ ማሰሚያ ካደረግሽው ነገሩ ወደ ሰውየው ይዞርና የሥራ ክፍፍሉ ይረሳል። እስከዚያ አንድ ስሌት ጀምረሽ ከሆነ ያልጨረስሽውን እንኳ ይዘሽ ቅረቢ። የተሳሳትሽበትን ቦታ አሳዪያቸው።

ለአለቃሽ ደግሞ ስለ ዝውውሩ አጭር መልስ ስጪው፦ «ማስተባበሩን እፈልገዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ዲዛይን ልሥራ። ከ4 ዓመት በኋላ እንነጋገርበት።» በሩን አልዘጋሽም። ከዚያ የ3 ወር ቀነ ገደብ ለራስሽ ያዢ። ለማንም መንገር አያስፈልግም። በ3 ወር ውስጥ በስምሽ አንድ ሥራ ከተጀመረ ቆዪ። ካልተጀመረ፣ «እናያለን» ብቻ ከሆነ፣ ሥራሽን ሳትለቂ ሌላ መፈለግ ጀምሪ። ደሞዙ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ ድርጅቱ ትንሽ ቢሆንም ሂጂ። ትንሽ ቦታ ላይ ሰው ስለሚያንስ ጀማሪም ከባድ ሥራ ይደርሰዋል። ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄ ካለሽ ሲሉሽ ደግሞ ይህችን ጠይቂ፦ «በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በስሜ የሚወጣው ሥራ ምን ይሆናል?» የሥራውን ስም ጠርተው ከመለሱልሽ ግቢ። «ብዙ ነገር ትማሪያለሽ» ብቻ ካሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።